የሩቁ ዜና እና የቅርቡ ሳይንስ፦ ከኖቤል ሽልማት እስከ ሰሜን ሸዋ የባቄላ ማሳ

በስልካችን የሚዘዋወረውን የሳይንስ ወሬ የሚከታተል ሰው፣ ውሃ ከአየር የሚቀዳበት፣ ፕላስቲክ በባክቴሪያ የሚበላበትና የማይድን በሽታ የሌለበት ዘመን ውስጥ የገባን ሊመስለው ይችላል። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም። መነሻው በታወቁ የምርምር መጽሔቶች የወጣ፣ በሙያው ሰዎች የተመረመረ ሥራ ነው። ወሬው የሚያስቀረው አንድ ነገር ግን አለ፤ ግኝቱ የተፈተነው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው፣ በአይጥ ላይ ነው፣ በሰው ላይ ነው ወይስ በገበሬ ማሳ ላይ? ይህ ካልተነገረ ሁሉም ግኝት እኩል የቀረበ ይመስላል። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ ምንጃር ወይም ሸዋ ሮቢት ሆኖ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ርቀት ነው።

ከሕክምና፣ ከቁስ ሳይንስና ከአካባቢ ማይክሮባዮሎጂ (በአፈርና በውሃ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ጥናት) የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ጥቂቱን መርጬ በዚህ ርቀት ለመለካት ሞክሬያለሁ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ብዙ የሚወራላቸው ከእኛ እጅግ የራቁት ናቸው፤ ደጃችን የደረሱት ደግሞ ወሬ የላቸውም። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃ የሚጠጣው ክሪስታል

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ተሰጠ። ሦስቱ በተለያየ አገርና ጊዜ የሠሩት ሥራ አንድ ላይ ሲታይ፣ የብረታ ብረት አተሞችን ካርቦን ካላቸው ሞለኪዩሎች ጋር አያይዞ ውስጡ ባዶ የሆነ ክሪስታል ማበጀት ነው። ክሪስታሉ እንደ ንብ ቀፎ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው፤ ክፍሎቹ ግን የሚይዙት ማር ሳይሆን ነጠላ የጋዝና የውሃ ሞለኪዩሎችን ነው። የጥቂት ግራም ዱቄት ውስጣዊ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ሮብሰን ሐሳቡን በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀመሩት፤ የእሳቸው ክሪስታሎች ግን በቀላሉ ይፈርሱ ነበር። ኪታጋዋ ጋዝ ገብቶ ሊወጣባቸው እንደሚችል አሳዩ። ያጊ ደግሞ ሙቀትን የሚቋቋሙ ጠንካራ ክሪስታሎችን ሠሩ። ያጊ የተወለዱት ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ቤተሰብ ነው። ባደጉበት ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረም፤ ውሃ የሚገኘው በየጊዜው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ከደረቅ አየር ውሃ ወደ ማውጣት ማዘንበላቸው አይገርምም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሌሊት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ክሪስታሉ እርጥበቱን ይስባል፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ይለቀዋል፤ የተለቀቀው እንፋሎት ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። በ2023 የወጣ የያጊ ቡድን ጥናት እንደሚለው፣ በአሜሪካ እጅግ ሞቃት በሆነው የሞት ሸለቆም የተሞከረ፣ በፀሐይ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ከአንድ ኪሎ ግራም ክሪስታል በቀን እስከ 285 ግራም ውሃ ሰጥቷል። በዚያ በረሃ ይህ ትልቅ ስኬት ነው። ስሌቱን ምንጃር ውስጥ ወዳለችው አረርቲ ገበያ ስናመጣው ግን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በየቀኑ ለመሙላት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ክሪስታል ያስፈልጋል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጄሪካን እንደማይበቃ የምንጃር እናት ታውቃለች።

ምንጃር ሸንኮራን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ጤፉና ሽምብራው የተመሰገነ አገር ሆኖ የውሃ ችግሩም ከጥንት የታወቀ ነው። እዚያ ገበሬውን የጠቀመው የቁስ ሳይንስ ግን ኖቤል ያልተሸለመ፣ ማንም ያላወራለት ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ንጣፉን ከውስጥ አልብሶ የክረምቱን ጎርፍ ያጠራቀመ ገበሬ የሽንኩርት ችግኝ አፍልቶበታል። ንጣፉ ይቀደዳል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ጉድጓዱም አጥር ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ውሃው በግራም አይለካም።

ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጉማም ከፍታ፣ ጣርማ በርን የሚያውቅ አንባቢ «ጉሙስ?» ማለቱ አይቀርም። ጉምን በመረብ ይዞ ውሃ ማድረግ በሞሮኮ ተራሮች በሥራ ላይ ያለ፣ ርካሽና የቆየ ዘዴ ነው። የጣርማ በር ጉም ለመረብ እንከን አይወጣለትም። ግን ጉም ባለበት የኛ ደጋ ምንጭም አለ፤ ውሃ የጠፋበት ቆላ ደግሞ ጉም የለውም።

ስለ ፕላስቲክ በላው ባክቴሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች በሳካይ ከተማ ያገኙት ባክቴሪያ የሚያፈርሰው የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ነው። በ2020 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሌላ ኢንዛይም አሻሽለው እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ በ10 ሰዓት ውስጥ 90 በመቶ አፍርሰዋል፤ ይህን ያደረጉት ግን ፕላስቲኩን ፈጭተው፣ ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በፋብሪካ ጋን ውስጥ ነው። በደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ዳር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ፌስታል ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ እነዚህ ኢንዛይሞች አይነኩትም።

ከአፈር የወጣ መድኃኒት

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2025 በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላሪዮሲዲን የተባለ አዲስ ፀረ ባክቴሪያ ይፋ አደረጉ። የተገኘው ከአንድ ጓሮ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ብልሃቱ ትዕግሥት ነበር። የአፈር ባክቴሪያ ብዙው በላቦራቶሪ ቶሎ አይራባም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አፈሩን አንድ ዓመት ያህል አቆይተው በዝግታ የሚያድጉትን ጠበቁ። ላሪዮሲዲን የባክቴሪያውን የፕሮቲን ማምረቻ የሚይዘው እስካሁን የታወቁት መድኃኒቶች በማይነኩት ቦታ በኩል ነው። ስለዚህ የቀድሞዎቹን መድኃኒቶች የተላመደ ባክቴሪያም አያመልጠውም። በአይጦች ላይ በጣም አስቸጋሪ ከሆኑት የሆስፒታል ባክቴሪያዎች አንዱን ተቋቁሟል።

የደረሰው አይጥ ላይ ነው። ከአይጥ እስከ ደብረ ብርሃን ፋርማሲ መደርደሪያ ያለው መንገድ፣ ቢሳካ እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ይፈጃል። አብዛኞቹ እጩ መድኃኒቶችም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

አሁን በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች በአንጻሩ እየደከሙ ነው። በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ላቦራቶሪ ባነሰበት አገር ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ሳያውቅ በግምት ያዝዛል፤ በሽተኛው ደግሞ ሲሻለው ያቆማል። ለጉንፋን ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን መግዛት፣ የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ማካፈል፣ ለታመመች በግ በገበያ ቀን ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ በግምት መውጋት፣ እነዚህ ሁሉ የምናውቃቸው ነገሮች ናቸው። መንዝ የበግ አገር ነው፤ የሰውና የበጉ መድኃኒት ደግሞ በብዛት ከአንድ ቤተሰብ የሚመዘዝ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ እኛ ዘንድ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው ይኸው ልማድ ይሆናል።

የሳንባ ነቀርሳው ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ከሕክምናው ዜናዎች ሁሉ የበለጠ ልናወራለት የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። ለበሽታው የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ከአሠርት ዓመታት በኋላ መድኃኒት የተላመደው ነቀርሳ ሲመጣ ሕክምናው 20 ወር እና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ሆነ፤ ከዚህም ውስጥ ለወራት በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበረበት፤ መርፌው ደግሞ የመስማት ችሎታን ይጎዳ ነበር። ከሥራ፣ ከቤተሰብና ከእርሻ ርቆ ሁለት ዓመት የሚታከም ሰው ቢያቋርጥ ለመፍረድ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ በ2019 አሳየ። ከሙከራው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም ሕሙማን ጋር ኢትዮጵያውያንም ተሳትፈውበታል። በ2022 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቤዳኩዊሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን የሚሰጥ፣ መርፌ የሌለው የ6 ወር ሕክምና ይመከራል አለ። ከ20 ወር ወደ 6 ወር ማለት ነው። አንድ ተአምረኛ ሞለኪዩል ብቻውን ያመጣው ለውጥ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማንን ዓመታት የተከታተሉ ነርሶችና ሐኪሞች ጭምር ያመጡት ነው። ለጋዜጣ ርዕስ ግን «ሕክምናው አጠረ» የሚል ነገር አይደምቅም መሰለኝ።

መመርመሪያውን ያታለለው ተሕዋስ

ከጣርማ በር ወርደን ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ርዕሱ ወባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

በ2023 በጣም የተወራው ዜና ስፔን ውስጥ በሚገኝ የመድኃኒት ኩባንያ ላቦራቶሪ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ለምርምር የሚረቡ ትንኞች የወባ ተሕዋስ መሸከም ሲሳናቸው ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ፈለጉና በአንጀታቸው የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ። ባክቴሪያው የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድጉትን ተሕዋስያን በሦስት አራተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ትንኟን ግን አይገድልም። በቡርኪና ፋሶ በመረብ በታጠረ ሰፊ ቦታም ተሞክሯል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም በመረብ የታጠረ ቦታ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው ቀወት ወረዳ አይደለም።

በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ግን በአገራችን የተሠራ ሆኖ ሳለ ከባለሙያው ውጪ የሰማው ጥቂት ነው። በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው መመርመሪያ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ከተሕዋሱ አንዳንዱ ግን ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ጥሏል። እንዲህ ያለው ተሕዋስ ያለበት ሰው ሲመረመር «ወባ የለብህም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ይሰናበታል። ጂኑን ያልጣለው ተሕዋስ ይያዝና ይታከማል፤ የጣለው ግን ይተርፍና ይራባል። መመርመሪያው ሳያውቅ ጠላቱን እየመረጠ ያሳድጋል ማለት ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው መጠኑ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

የጥናቱ ቦታዎች ከሸዋ ሮቢት ይርቃሉ፤ ወቅታዊ ሠራተኛ ግን ከመተማ እስከ ሸዋ ቆላ ይንቀሳቀሳል፣ ተሕዋሱም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ ምልክቱ እያለበት «የለብህም» የተባለ ሰው በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ምክር ያስገኘው ሥራ ተሸላሚ ክሪስታል የለውም፤ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በጥንቃቄ የተሰበሰበ የደም ጠብታ ነው።

ከባቄላው ሥር

በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። የሰሜን ሸዋ ደጋ በእጁ የያዘው ወርቅ በባቄላ ሥር ላይ ያለው እባጭ ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ የአየሩን ናይትሮጅን ግን በቀጥታ መጠቀም አይችልም። ዩሪያ የሚሠራው ፋብሪካ ይህን ናይትሮጅን የሚይዘው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ በብዛትም የተፈጥሮ ጋዝ እየተጠቀመ ነው፤ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያ ዋጋ የሚንረው ለዚህ ነው። ራይዞቢየም የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ያንኑ ሥራ በባቄላ ሥር ውስጥ በተራ የአፈር ሙቀት ይሠራዋል። ባቄላው ለባክቴሪያው ስኳር ይሰጣል፣ ባክቴሪያው ለባቄላው ናይትሮጅን። ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ የተዘራ ገብስ የሚያምረው በዚህ ምክንያት መሆኑን ገበሬው ሳይንሱ ስም ሳያወጣለት ያውቃል።

ሥራው በትክክል እየተሠራ መሆኑን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንዱን ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ እባጮቹን መሰንጠቅ ይበቃል። ውስጡ ቀላ ወይም ሮዝ መልክ ካለው ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከነጭራሹ ከሌለ፣ አፈሩ ውስጥ ተስማሚው ባክቴሪያ የለም፣ አለዚያም አፈሩ አሲዳማ ሆኖ አላኖረውም። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ዘሩን በተመረጠ ባክቴሪያ አሽቶ መዝራት ነው፤ ይህ ሕያው ማዳበሪያ በአገር ውስጥ ይመረታል፣ ለአንድ ሄክታር የሚበቃውም በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጥቅል ነው። ለሁለተኛው ኖራ ያስፈልጋል፤ እሱ በኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ ማጓጓዣው ይከብዳል።

የዓለም ምርምር ወደዚሁ አቅጣጫ በፍጥነት እየሄደ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያጓጓል። በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በባሕር ውስጥ የሚኖር አንድ ነጠላ ሕዋስ አልጌ ናይትሮጅን የሚይዝ የራሱ የውስጥ አካል እንዳለው ተገለጸ። ይህ አካል ከረጅም ዘመን በፊት ነጻ ባክቴሪያ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከአልጌው ጋር ተዋሕዶ አብሮት የሚከፈል የሕዋሱ ክፍል ሆነ። ለማረጋገጥ አልጌውን በላቦራቶሪ ማራባት ያስፈልግ ነበር፤ ጃፓናዊቷ ኪዮኮ ሃጊኖ ከአሥር ዓመት በላይ ከባሕር ውሃ እየቀዱ ሞክረው ነው የተሳካላቸው። በ2025 ደግሞ የዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በተክል ሥር ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ባክቴሪያን «ጠላት ነው» ብሎ ከማባረር ይልቅ «ወዳጅ ነው» ብሎ እንዲያስገባ የሚያደርጉትን ሁለት የግንባታ ቅንጣቶች ለዩ። ያንኑ ለውጥ በገብስ ተቀባይ ላይም ሞክረው እንደሚሠራ አሳዩ።

በገብስ! ከአንጎለላ እስከ መንዝ ጌራ የምንበላው፣ የምንጠምቀው፣ የምንቆላው ሰብል ማለት ነው። ግን ርቀቱን እንለካ። የተለወጠው ተቀባዩ ነው፤ እባጭ አብጅቶ ናይትሮጅን የሚይዝ ገብስ ገና የለም። በሩን መክፈትና ቤቱን መሥራት የተለያየ ሥራ ነውና ማሳ ላይ የሚደርስበትን ዓመት ከአሁኑ የሚተነብይ ሰው ቢኖር አላምነውም።

እስከዚያው የአፈራችን ሕያዋን የሚኖሩበት ሁኔታ አስቸጋሪ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ዛፍ በሌለበት ብርድ አገር ሌላ ምን ይደረግ? በሰሜን ሸዋ ደጋ ከቀድሞ ጀምሮ የነበረው የአፈር ማቃጠል ልማድም አለ። ለረጅም ጊዜ ጦም ያደረ መሬት ታርሶ ጓሉ ይከመርና በኩበት ይቃጠላል፤ አመዱ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። አንድ ሁለት ዓመት ምርቱ ያስደንቃል፤ ሙቀቱ ታስሮ የነበረውን ንጥረ ነገር ይለቀዋልና። የሚቃጠለው ግን የአፈሩ ካርቦን ነው፣ የሚሞቱትም እነዚያው ሕያዋን ናቸው፤ ከዚያ መሬቱ ለብዙ ዓመታት ጦም ማደር አለበት። ጦም የሚያድር መሬት በጠፋበት በዚህ ዘመን ስሌቱ አይወጣም። አያቶቻችን ሞኞች ስለነበሩ አይደለም የጀመሩት፤ ሰፊ መሬት ስለነበራቸው ሠርቶላቸዋል።

በባቄላው ላይም ሌላ ጠላት መጥቷል። ከ2010 ገደማ ወዲህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ታይቶ ወደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የተዛመተው፣ ቅጠሉንና ግንዱን የሚያቆረፍደው፣ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታ ነው። አምጪው መጀመሪያ አንድ ዓይነት ፈንገስ ነው ተባለ፤ ኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ሌላ ወገን መሆኑን አመለከተ። መድኃኒትና የተሻለ ዝርያ የሚመረጠው ጠላቱ ሲታወቅ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሽታው ከበረታ ገበሬው ባቄላን ይተዋል፤ ባቄላ ከተተወ ገብሱ የሚያርፍበት ናይትሮጅን ይጠፋና ሁሉም ወደ ዩሪያ ይዞራል። ለእኔ ከዚህ አካባቢ የምርምር ጥያቄዎች ሁሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ከማሳው በቅርብ ርቀት ላይ ናቸው።

ስለ ሕያው ማዳበሪያው አንድ ተግባራዊ ነገር ይቀራል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነፍስ ያለው ስለሆነ ለወራት እንጂ ለዓመታት አይቀመጥም፤ ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል። ዘሩ በስኳር ውሃ ረጠብ ተደርጎ በጥላ ሥር ይታሻል፣ ወዲያውኑ ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። የመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ለዩሪያ ከረጢት የተሠራ ነው፤ ከረጢቱ ቆርቆሮ ሥር ቢከርም ብዙ አይጎዳም፣ ጥቅሉ ግን ይሞታል። ስለዚህ ፍላጎቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው በሚያዝያ መሆን አለበት፤ ባቄላው በሰኔ ከተዘራ በኋላ የሚደርስ ጥቅል ለዚያ ዓመት አይሆንም፣ ለሚቀጥለውም አይቆይም።